አሻራና አደራ

ስለ ሶፍትዌርና ስለ በይነ መረብ ግላዊነት የሚወያዩ የቴክኖሎጂ ወዳጆች ነገራቸውን አዘውትረው የሚጀምሩት ምርጫ ካለው ሰው ነው፤ ይህ ሰው ያልወደደውን መተግበሪያ አጥፍቶ ሌላ ይጭናል፣ የይለፍ ቃሉ ቢሰረቅ ይለውጣል፣ መልእክቱንም በምስጠራ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው በሒሳብ ስሌት አመሳቅሎ፣ ይልካል። የነገሩ ክብደት የሚለካው ግን ምርጫ በሌለበት ስፍራ ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ከእንዲህ ያሉት ስፍራዎች አንዷ በምሥራቅ ሱዳን ድንበር፣ ታችኛው ክፍሉ ሰቲት በሚባለው በተከዜ አቅራቢያ የምትገኘው ሐምዳይት ናት።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሻገሩ፣ ከዋነኞቹ መግቢያዎች አንዷ ሐምዳይት ነበረች፤ ብዙዎቹም ከዚያ ወደ ገዳሪፍ ግዛት፣ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች ተወስደዋል። በስደተኛ ምዝገባ ባዮሜትሪክ የሚባለው አሠራር ሰውን በአካሉ ምልክት ለይቶ ማወቅ ሲሆን፣ የሚወስደውም የጣት አሻራንና አይሪስን፣ ማለትም በዓይን ብሌን ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ቀለበት ነው። የይለፍ ቃል ይለወጣል፤ አይሪስ አይለወጥም። አንድ ጊዜ ከባለቤቱ እጅ የወጣ የአካል ምልክት እስከ ዕለተ ሞቱ ይከተለዋል።

የመመዝገቢያ መሣሪያው ራሱ ሰውን በትክክል ለማወቅ ብዙ ይቸገራል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው ያለው ግን የአባትና የአያት ስም ነው። በግዕዝ ፊደል አንድ የሆነ ስም በላቲንና በዓረብኛ ፊደል ሁለት ሦስት መልክ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሶፍትዌሩ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የተወለደ የ17 ዓመት ልጅ ዘመኑ ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ሳይመለስ እንዳለ ከተመዘገበ በአንዲት መስመር ስሕተት የ24 ዓመት ጐልማሳ ይሆናል፣ ለሕፃናት የሚሰጠውንም ጥበቃ ያጣል። በሰሊጥ አጨዳና በቁፋሮ ጫፉ የተፋቀ ጣትም ለአሻራ ማንበቢያው ላይታየው ይችላል፤ የሠራተኛነቱ ምልክት ማንነቱን የሚያሳጣው መሆኑ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው። ይህ ሁሉ ግን ሊታረም የሚችል ስሕተት ነው። ከዚህ የሚከብደው፣ በትክክል የተያዘው መረጃ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ስደተኛው ፈቅዶ ሰጥቷል ይባላል። ፈቃድ ግን እምቢ ማለትን የሚችል ሰው ቃል ነው፤ ልጁ የተራበበት አባት ከእህል ሰልፉ ፊት ቆሞ እምቢ ሊል አይችልም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በግንቦት 2007 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ ፖሊሲ አውጥቷል፤ ሆኖም የሂዩማን ራይትስ ዎች ድርጅት በሰኔ 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በባንግላዴሽ የተመዘገቡ የሮሂንጋ ስደተኞች መረጃ በዚያች አገር መንግሥት በኩል ሸሽተውት ለመጡት ለምያንማር መንግሥት መተላለፉን አስታውቋል። ለእርዳታ የተሰጠ አሻራ አሳዳጅ እጅ መግባቱ፣ የሚሰውረው የሌለው ሰው የሚፈራው የለውም የሚለውን አባባል ከንቱ ያደርገዋል።

ገዳሪፍ ንጹሕ ሰውም የሚሰውረው እንዳለው ከኮምፒውተር ምዝገባ በፊት አይታለች። በ1977 ዓ.ም. በኡም ራኩባ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ማንነታቸውን ሰውረው ይኖሩ ነበር፤ የሙሴ ዘመቻ በመባል የሚታወቀው፣ በኅዳር ወር የተጀመረው ወደ እስራኤል የሚወስድ ምስጢራዊ የአውሮፕላን ጉዞ ወሬው በይፋ በመውጣቱ በታኅሣሥ መጨረሻ ሲቋረጥ፣ ብዙዎች ከቤተሰባቸው ተለይተው ሱዳን ቀርተዋል። እነዚያ ሰዎች የደበቁት ኃጢአት አልነበረም፤ የደበቁት ሃይማኖታቸውን ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ትውፊት ምእመን ከዓለም ስሙ ሌላ በጸሎት የሚጠራበት የክርስትና ስም አለው፤ ይህንንም ብዙዎች ለማንም አይናገሩም። ለንስሐ አባት የተነገረ ቃልም ለሌላ ጆሮ አይደርስም። ምስጢር በዚህ አረዳድ የሰው ክብር ክፍል ነው። ሕዝብን መመዝገብን በተመለከተም፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 24 ዳዊት ሕዝቡን ማስቆጠሩ በደል ሆኖበታል፤ ሙሴ ግን በኦሪት ዘኍልቍ የቈጠረው ታዝዞ ነው። መቁጠር ራሱ ኃጢአት ካልሆነ፣ ልዩነቱ ቈጣሪው ሕዝቡን የማን ብሎ እንደሚቈጥር ላይ ያለ ይመስላል።

የሌላውን ይዞ ለመጠበቅ አማርኛ የራሱ ቃል አለው፤ አደራ። አደራ የሰጪው ገንዘብ ሆኖ በጠባቂው እጅ የሚቀመጥ ነው፤ ጠባቂው ሊሸጠው፣ ሊያበድረው ወይም ለሌላ ሊያስተላልፈው አይችልም፤ ሲጠየቅም ይመልሳል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ የሚደነግገው አለው። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ሲያዝ ወደዚሁ ሐሳብ ይቀርባል፤ ድንበር የተሻገረውን ሰው ግን ብቻውን ሊከተለው አይችልም። ስለዚህ አደራው በመሣሪያው ውስጥ መሠራት አለበት፤ የማያስፈልገውን አለመሰብሰብ፣ የአሻራውን ሥዕል ትቶ ከሥዕሉ የተቀዳውን ቀመር ብቻ መያዝ፣ ለእርዳታ የተሰበሰበውን ከጸጥታ መዝገብ ጋር አለማገናኘት የሶፍትዌር ሠሪው ኃላፊነት ነው።

አደራውን መመለሱ ግን ገና መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። ተከዜን ተሻግሮ ወደ ቀዬው የተመለሰ ገበሬ ጎረቤቱ ዘንድ ያስቀመጠውን የሰሊጥ ዘር ጠይቆ ይቀበላል፤ የዓይኑን ምልክት ግን ከማን ደጅ ሄዶ እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ ቢያውቅና ከአንዱ የመረጃ ቋት ቢሰረዝለት እንኳ መጠባበቂያ ቅጂው በየትኛው አገር ባለ ኮምፒውተር እንዳለ የሚነግረው የለም።