የአራስ ቤት ስንቅ

 

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከእናንተ መካከል በቅርቡ ትዳር የመሠረታችሁ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ «ኡስታዝ፣ ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፣ ዱዓ አድርግልን» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። አላህ በሰላም ይገላግላት እላለሁ፤ ቀጥዬም «ቤትህ ምን አዘጋጅተሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ወንድም ስለ ልጁ ስምና ስለ አቂቃው በግ ይነግረኛል። እናቲቱ በአምስተኛው ቀን ምን እንደምትበላ፣ ማን እንደሚያበስልላት ግን አላሰበበትም።

አልፈርድባችሁም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደው እዚሁ ኩየራ እያለን ነው። የባለቤቴ እናት አዳማ ታመው ተኝተው ስለነበር ሊያርሷት አልቻሉም። የእኔ እናት ደግሞ ወደ አኼራ ሄደዋል፣ አላህ ይዘንላቸው። ልጁ በተወለደ በአምስተኛው ቀን ጠያቂ ቤቱን ሞልቶት፣ እኔ ሳሎን ተቀምጬ እናት በኢስላም ስላላት ደረጃ ለእንግዶቹ አወራ ነበር። ወሬው ደርቶልኛል። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከጓዳ ብቅ ብለው በእጃቸው ጠሩኝ። ገባሁ። ባለቤቴ በአንድ እጇ ልጁን አቅፋ በሌላው ከሰል ታራግባለች፤ ለእንግዳው ቡና ልታፈላ ነው። ፊቷ ገርጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ ሻይና ደረቅ ዳቦ ብቻ ቀምሳለች።

አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የምትናገረው ጥሩ ነው። አራስ ግን ወሬ አትበላም» አሉኝ።

ወላሂ፣ ብዙ ኹጥባ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ የገባኝ የለም።

ውድ ወንድሜ፣ የመርየምን (ዐለይሃ ሰላም) ታሪክ በስሟ በተጠራችው ሱራ ውስጥ ስንት ጊዜ አነበብከው? ምጥ ይዟት ብቻዋን ወደ ተምር ዛፍ ግንድ ተጠጋች። ከጭንቋ ብዛት ከዚህ በፊት በሞትኩ እስክትል ደረሰች። ጌታችን በዚያ ሰዓት ምን አቀረበላት? ከሥሯ የሚፈስ ውኃ፣ ከበላይዋም የበሰለ ተምር። ሰዎች ለሚያነሱባት ወሬ ምን እንደምታደርግ ከመነገሯ በፊት እንድትበላ፣ እንድትጠጣና ልቧ እንዲረጋ ተነገራት። መጀመሪያ ምግብ፣ ከዚያ ሌላው። ለወለደች ሴት የመጀመሪያውን መስተንግዶ ያዘጋጀው አላህ ራሱ ከሆነ፣ እኔና አንተ «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» የምንለው በምን ማስረጃ ነው?

በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ የምታጠባ እናት ምግቧና ልብሷ በአባትየው ላይ ግዴታ ሆኗል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሲገቡ ምን ያደርጉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበርና የሶላት ጊዜ ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግረዋል። ለሚስትህ የምታጎርሳት ጉርሻ እንኳ፣ የአላህን ፊት ከፈለግክበት አጅር እንዳለው ለሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ነግረዋቸዋል።

ሌላም ነገር አስብ። አራስ በኒፋስ ላይ እስካለች ድረስ ከሶላትም ከጾምም ተገላግላለች። አላህ ሶላትን ያነሳላትን ሴት፣ አንተ ሽንኩርት መክተፉን አላነሳህላትም።

«ታዲያ ሲወለድ እረፍት እወስዳለሁ» ትለኝ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የተሰጠው ከደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ነው። ሦስቱ ቀን ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት ስትመላለስ ያልቃል። ደግሞ ዛሬ ብዙዎቻችን ለሥራ ብለን ከእናት ከአባት ርቀናል፤ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ባሕር ማዶ። ድሮ እናትና አክስት የሚሸፍኑትን አርባ ቀን አሁን የሚሸፍነው አስቀድሞ የተዘጋጀ ቤት ነው።

«ሳይወለድ ማዘጋጀት ሟርት ነው» የሚሉም አሉ። ይህን ተዉት። በዲናችን ገድ ማለት የለም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው፣ መጀመሪያ እሰረው፣ ከዚያ ተመካ የሚል መልስ ነው የተሰጠው። ዑመር (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ ነበር። ከእርሳቸው የበለጠ ተወኩል ያለው ማን ነው?

እንግዲህ ስምንተኛው ወር ላይ ከባለቤትህ ጋር ተቀመጥና ምን እንደሚያስፈልጋት ጠይቃት። ስንቁ በሁለት ይከፈላል።

አንደኛው ፍሪዘር የማይፈልገው ነው፤ እናቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት። የገንፎ ዱቄት፣ በአፋን ኦሮሞ መርቃ የምንለው የሚገነፋበት። የአጥሚት እህል ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ተምር። ለጠያቂው ደግሞ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በብዛት፣ አራሷ ለእንግዳ ብላ እንዳትነሳ። ከሰሉንም፣ እንጀራ የሚጋግርላችሁንም ሰው አስቀድመህ ያዝ።

ሁለተኛው የፍሪዘሩ ነው። ትልቁ ድካም ቁሌት ስለሆነ ከእርሱ ጀምር። ሽንኩርቱን ራስህ ክተፈው፤ ዓይንህ ያልቅስ፣ ምንም አትሆንም። በደንብ ከበሰለ በኋላ አቀዝቅዘህ ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን በፌስታል ከፋፍለው፤ ጠፍጣፋ አድርገህ አስተኛው፣ ቀኑንም ጻፍበት። ሥጋውንም ግማሽ ግማሽ ኪሎ አድርገው፤ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ካቀዘቀዝከው ለአንድ ወጥ ብለህ ሙሉውን ታቀልጣለህ። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። አንዴ የቀለጠውን መልሰህ አታቀዝቅዝ። ስታሞቅም እስኪፈላ ይሁን፤ የአራስ ሆድ የሚሞከርበት አይደለም።

መብራትስ ሲጠፋ? የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ወደ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ ደግሞ ወደ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ባዶውን ቦታ ውኃ በሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙላው፤ መብራት ሲሄድም ቶሎ ቶሎ እየከፈትክ አትይ።

ፍሪዘር ከሌለህ አትጨነቅ። የእኛም ቤት አልነበረም። ሁለተኛው ልጃችን ሲመጣ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን ከፍሪዘራቸው አንዱን መሳቢያ ለቀቁልን፤ የእኛ ሥጋ በስማችን ተለይቶ ተቀመጠ። ጓደኞቼ ደግሞ «ምን ይዘን እንምጣ?» ሲሉኝ ልብስ አትግዙ፣ ቀን ተከፋፈሉ አልኳቸው። አንዱ ሰኞ ምሳ፣ አንዱ ረቡዕ እራት። ሁሉም በሦስተኛው ቀን መጥቶ በአሥረኛው ቀን የሚያንኳኳ የሚጠፋበት ጥየቃ፣ ጠያቂውን እንጂ አራሷን አይጠቅምም። ያን ጊዜ ባለቤቴ ተኛች። ልጁን ታቅፋ፣ ጠግባ፣ ቀን ላይ ስትተኛ ሳያት፣ በመጀመሪያው ልጅ ጊዜ ምን እንደነፈግኳት ያኔ ነው የገባኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ያኔም አንተ ክፉ ሆነህ አይደለም፣ አላየኸኝም እንጂ» አለችኝ። ይህ ቃል ከስድብ በላይ ከብዶኛል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በአንድ የዒደል አድሓ ወቅት የተቸገሩ ሰዎች መዲና ገቡ። በዚያ ዓመት የኡዱሒያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ከለከሉ። በዓመቱ ሰዎች ሲጠይቁ፣ ክልከላው ለእነዚያ ችግረኞች ሲባል እንደነበር አስረድተው፣ አሁን መብላትም መስጠትም ማስቀመጥም እንደሚቻል ፈቀዱ። ተመልከት፤ ማስቀመጥ በራሱ ነውር አልሆነም፣ የሚራብ ሰው ደጅ ላይ ሲኖር ግን ሥጋው ቤት እንዳይከርም ተደረገ።

ስለዚህ ከአቂቃው ሥጋ ለአራሷ ከፍለህ ብታስቀምጥ ችግር የለውም። ግን ስንቁን ስታዘጋጅ በሰፈርህ ሌላ ነፍሰ ጡር እንዳለች ጠይቅ። ባሏ ለሥራ የራቀባት፣ የቀን ሠራተኛ የሆነች፣ እናት የሌላት ትኖራለች። አንዲት ፌስታል ላይ የእርሷን ስም ጻፍ። አንድ ኪሎ የአጥሚት ዱቄት ጨምረህ አስፈጭ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠራ ውኃውን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ መክረውታል፤ ትርፍ ሳይኖርህም መስጠት እንደምትችል ከዚህ ተማር።

እህቴ፣ አንቺም ያስፈለገሽን ተናገሪ። ዝም ብሎ መጎዳት ሶብር አይደለም።

ወንድሜ፣ ዛሬ ከጁምዓ ስትመለስ ወደ ጓዳ ግባ። ምን እንዳለ፣ ምን እንደጎደለ በዓይንህ እይ። ኒያህን አስተካክልና ሽንኩርቱን ይዘህ ተቀመጥ።

አላህ ሆይ፣ ወራቸው የገባውን እህቶቻችንን በሰላም ገላግላቸው። ልጆቻችንን ሷሊሕ አድርግልን። ደጃችን ላይ ያለውን ችግረኛ የምናይበት ዓይን ስጠን። እናቶቻችንን በሕይወት ያሉትን ጠብቅልን፣ ያለፉትን እዘንላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።