የሚያሳፍረንንስ እናስቀምጠው ይሆን?



ባለፈው ክረምት በቦዲቲ በምንገኝበት አጥቢያ ወጣቶች ተሰብስበን አንድ ሐሳብ አነሣን። ይኸውም የቤተ ክርስቲያናችን አሮጌ ዕቃና ጽሑፍ በየቤቱ ተበታትኖ የምስጥ ቀለብ ከሚሆን፣ ከመዘምራን መለማመጃ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ይሰብሰብ የሚል ነው። ሽማግሌዎችም ፈቀዱልን። በእጅ የተጻፉ የመዝሙር ደብተሮች መጡ፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች መጡ፤ በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቱ ሲዘጋ አንድ አባት ደብቀው ያስቀሩት የበር ቁልፍም መጣ። በሩ ዛሬ የለም፤ ቁልፉ ግን አለ።

ሁላችን ደስ ብሎን ሳለ አንድ ወጣት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ፈትተን ብናየው ጨሌ ነው። አያቱ ከማመናቸው በፊት ከቃልቻ የተቀበሉት ነው አለን። አንዳንዶቻችን ወደ ኋላ ሸሸን። ወሬው አያቱ ባለቤት ዘንድ ደርሶ ኖሮ በማግሥቱ እማማ ራሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

«ልጆቼ፣ እርሱ ይህን ጥሎ ነው ወደ ጌታ የመጣው። እናንተ አንሥታችሁ በጌታ ቤት ልትሰቅሉት ነው?»

ልጁም፣ «እማማ፣ ጥለውት ከሆነ እንዴት ከጣራው ሣር ውስጥ ተገኘ?» አላቸው።

እማማ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ለመጣልም ፈርቶ ነበር» አሉ።

ይህን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የወላይታን የወንጌል ታሪክ በየበዓሉ እንናገራለን። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ መጡ፤ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ፤ ከጣሊያን መውጣት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሆነው ጠበቋቸው። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት ታስረው ተገረፉ። እናጨበጭባለን። ነገር ግን ከእነዚያ 10,000 መካከል ስንቱ ሌሊት ጣራውን እያየ ይሆን የተኛው? ፎቶግራፍና የመዝሙር ደብተር ብቻ የሰበሰበ ክፍል አባቶቻችን አማኝ ሆነው የተወለዱ ያስመስላል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ምን አደረጉ ይባላል?

ሚስዮናውያኑ ለሀገራቸው የጻፉት ደብዳቤና ያነሡት ሥዕል በአሜሪካ በመዝገብ ቤታቸው ተጠብቆ ይገኛል። ስለ ጠበቁት ይመስገኑ። ሆኖም ያ እንግዳው ያየው ነው። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ የፈራው ፍርሃት በዚያ አይገኝም፤ እኛ ካልጻፍነው ከእማማ ጋር ይቀበራል።

ይሁን እንጂ የእማማን ነገር እንደ አሮጊት ወግ የሚቈጥር ቢኖር ተሳስቷል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ለምን ሰባበረው? ከዚያ የሚበልጥ የቤተ መዘክር ዕቃ ከየት ይመጣል? ሕዝቡ ስላጠነለት ነው የሰባበረው። የተቀመጠ ነገር ሊመለክ ይችላል። በአንጻሩ በኤፌሶን የጥንቈላ መጻሕፍት በተቃጠሉ ጊዜ ዋጋቸው 50,000 ብር መሆኑን ሉቃስ ጽፎልናል። መጻሕፍቱ አመድ ሆኑ፤ ዋጋቸው ግን ሳይጠፋ እኛ ዘንድ ደረሰ። ያ ቍጥር ባይኖር ኖሮ የኤፌሶን ሰዎች ሥራ ጉድፍ እንደ ማቃጠል በቀለለብን ነበር። እኔም እንደሚመስለኝ ከጨሌው ይልቅ ሊጠበቅ የሚገባው ዋጋው ነው፤ ዋጋውም የእማማ ሦስት ቃላት ናቸው። በዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሉን ከ1,300 ዓመት በላይ ጠብቆ አቈይቶልናል፤ እኛ ግን የአንዲት እናት ንግግር ለአንድ ሳምንት ማቈየት አቅቶን ልንረሳው ነበር።

ሁለተኛው ክርክር ስለ አባላት መዝገብ ነው። በአንዱ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም የተሰረዙ ስሞች አሉ፤ በመከራው ጊዜ ወደ ኋላ ያሉ ናቸው ይባላል። አንድ ወንድም፣ «ገጹ ይቀደድ፤ ልጆቻቸው አብረውን ይዘምራሉ» አለ። የተናገረው በፍቅር ነበረና አልፈርድበትም። ነገር ግን የጴጥሮስን ክህደት አራቱም ወንጌላውያን ሲጽፉት ጴጥሮስን ጠልተውት ነበርን? ደግሞም መዝገቡ ከተቀደደ፣ ከተሰረዙት መካከል ኋላ የተመለሱት መመለሳቸው በምን ይታወቃል? እኔ ገጹ ይኑር እላለሁ፤ ለጐብኚ መገለጡን ግን እቃወማለሁ። ሕያው ልጅ ያለው ስም የሙዚየም ዕቃ አይደለም።

ጨሌው አልተሰቀለም። በቆርቆሮ ሣጥን ሆኖ በታችኛው መደርደሪያ ተቀምጧል። እማማ ሁለት ቀን እየመጡ ነገሩን፤ እኔም ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ላይ ጻፍሁት፤ በመጨረሻው ገጽ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙበት። ሣጥኑ ከበሩ አጠገብ እንዳይሆን ብቻ አደራ ብለውናል። የመዝገቡን ነገር ሽማግሌዎች ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀጥረውታል፤ እስከዚያ ድረስ በቍልፍ ተዘግቶበታል።