ባሕሩን ትቶ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ

ጉና ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ አንድ መንገድ አይሄድም። በጋይንትና በስማዳ በኩል የወረደው ወደ በሽሎ ገደል ይነጉዳል፤ በእስቴና በፋርጣ በኩል የወረደው ጉማራንና ርብን ሆኖ ጣና ይገባል።

ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔም ያለችው ከተራራው በስተ ምሥራቅ ነው። እዚያ ያለ የድጓ ተማሪ ክረምቱን በዜማው ይቆጥረዋል፤ ሐምሌ 19 መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ የሚባለው የክረምት ክፍል ይገባል፤ ነሐሴ 10 ደግሞ ዕጓለ ቋዓትና ዐይነ ኵሉ የሚባለው። እኔን የሚገርመኝ፣ በዚያው ሰሞን ከተራራው ማዶ የጣና ነጭ ዓሣ ባሕሩን ትቶ ወንዝ አፍ ላይ መሰብሰቡ ነው። ቀን ቆጥሮ የነገረው የለም፤ ሐሙስ ዕለት የፈጠረው ጌታ ካልሆነ በቀር።

ገበያ ላይ በአንድ ስም ነጭ ዓሣ የምንለው ተመራማሪዎች ሲለዩት 15 ያህል ዓይነት ነው። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። የነጭ ዓሣ ወገን ግን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ያለ ክራንቻ አዳኝ! ይህን ያህል ዓይነት የተገኘውም የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ አግዶ፣ ጣና የራሱን ዘር ለብቻው እንዲያበዛ ስላደረገ ነው።

ከእነዚህ ዓይነቶች ገሚሱ ለመራባት ሽቅብ ይወጣል። በነሐሴ የጉማራ ውኃ እንደ ቡና አተላ ነው፤ ዓሣው ግን ያንን ሰንጥቆ ጠጠር ወዳለበት፣ ፈጥኖ ወደሚጠራ ቀጭን ገባር ይዘልቃል። ዕንቁላሉን ጠጠሩ መሐል ይበትናል። ዕንቁላል መሸሽ አይችልም፤ ሕይወቱ በድንጋዮቹ መካከል በሚያልፈው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው። ስስ ደለል ካለበሰው ይታፈናል። ጥቂት አፈር፣ የጥፍር ውፍረት እንኳ የማይሞላ፣ ያን ሁሉ ጉዞ ከንቱ ያስቀራል።

ደለሉ ደግሞ እየበዛ ነው፤ የጉና ግርጌ እስከ ገደል አፍ ታርሷል። ከወንዙ አሸዋ ይዛቃል። ዓሣውን ለማፍዘዝ ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚበትንም አለ፤ ይህ ነውር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና ትልልቅ መረብ ጣና ከገቡ ወዲህ፣ ሆዱ ዕንቁላል የሞላውን ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ ጠብቆ መያዝ ቀላል ሆነ። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የተደረገው ጥናትም ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች ክፉኛ መመናመናቸውን አሳይቷል።

ሌላዋ የጣና ዓሣ ቆሮሶ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ውኃው ቢደፈርስ ይዛው ትሸሻለች። ነጭ ዓሣ ግን ለወንዙ አደራ ሰጥቶ ይመለሳል። መስከረም ላይ ከጠጠሩ ሥር የሚወጣው ጫጩት ብዛትም ሐምሌ ላይ ከጉና ዳገት በታጠበው አፈር ልክ ነው የሚወሰነው።