«ባልወስደው ሌላው ይወስደዋል»

አንድ ጠላቂ የታመቀ አየር በጀርባው አዝሎ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ካለ ዓለት ሥር ጥንታዊ እንስራ አገኘ እንበል። የሚያየው የለም። «ባልወስደው ሌላው ይወስደዋል» ይላል። ይህችን ሰበብ የማናውቃት አለን?

ለመሆኑ ያ «ሌላው» ማነው? እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ቱርካዊ ስፖንጅ ለቃሚ ኡሉቡሩን አጠገብ ጆሮ ያለው ብስኩት የሚመስል ብረት አየ። አልደበቀም፤ ተናገረ። ከ1984 እስከ 1994 በተካሄደው ቁፋሮ ከ3,300 ዓመት በፊት ገደማ የሰመጠ መርከብ፣ 10 ቶን መዳብና ከአፍሪካ የሄደ ዞጲ ተገኘ። እያንዳንዱ ዕቃ የተኛበት ቦታ ስለ ጭነቱ አደራደር መሰከረ። አንዱ ተሰርቆ ቢሆን ምስክርነቱም አብሮ በጠፋ ነበር።

እንግዲህ «ሌላው» ሁልጊዜ ሌባ አይደለም፤ ያ ስፖንጅ ለቃሚም «ሌላው» ነው። ሳናየው ሌባ ነው ብለን የምንፈርድበት እኮ ለራሳችን እጅ ፈቃድ ስንፈልግ ነው።