ያማረው ግራፍ

አልትራሳውንድ ሴንሰር ርቀት አይለካም፤ የሚለካው ጊዜ ነው። ኤችሲ ኤስአር 04 የሚባለውን ርካሹን ሴንሰር ከአርዱዪኖ ጋር አገናኝታችሁ ከአንድ ትንሽ ጋሪ ፊት ብታስቀምጡት፣ ጆሯችን የማይሰማውን 40 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ይልክና ማሚቶው እስኪመለስ ይቆጥራል። ጋሪው 1 ሜትር ላይ ካለ 5.8 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ጊዜውን ወደ ርቀት የሚቀይረው እኛ የጻፍነው ኮድ ነው።

ግራፉ ላይ አንዲት ነጥብ ከመስመሩ ስትዘል እጃችን ወዲያው ወደ ማጥፊያው ይሄዳል። መሰረዝ ነውር ነው? ሁልጊዜ አይደለም። ድምፁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክቶ ተመልሶ ይሆናል። ሴንሰሩን ከጠርዙ አርቃችሁ ስትደግሙት ዝላዩ ከጠፋ፣ ምክንያቱን ጽፋችሁ ሰርዙ። «ግራፌን አበላሸችብኝ» ግን ምክንያት አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያማረው መስመር ነው። ኮዱ ላይ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ተብሏል እንበል፤ ይሄ ለ20 ዲግሪ ነው። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ ፍጥነቱ 349 ይደርሳል፣ 1 ሜትሩም 98 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይነበባል። ነጥቦቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሳስተዋል፤ ግን አንዷም ስላልዘለለች ማንም አይጠረጥራቸውም።

ኮድ ስንጽፍም ያው ነው፤ ፕሮግራሙ ሲቆም ሌሊቱን ሙሉ እንመረምረዋለን፣ ሲሠራ ግን ዝም ብለን እናምነዋለን። ፍርደ ገምድልነት ማለት ይሄ ነው። ለእውነት መታመን፣ ደስ ያለንንም ቁጥር «ከየት መጣህ?» ብሎ መጠየቅን ይጨምራል። እዚህ ላይ ለጥያቄው የሚበቃው አንድ ቴርሞሜትር ነው።