የቢቸናው ጀግናና የመካኒሳው ዘማች

መካኒሳ አቦ አካባቢ ከጦር ግንባር ቆስሎ የተመለሰ አንድ ወጣት ነበረ። ከመዝመቱ በፊት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተደራጅቶ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። ሲመለስ ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቀው፤ የማኅበሩ አለቆችም «ተራህን ጠብቅ» አሉት። ሽማግሌ ቢላክበት «ክንዴ ያስመልስልኛል» ብሎ መለሰ።

የእድሩ ዳኛ የቢቸና ሰው ናቸው። እሱንም አለቆቹንም አስጠርተው ጀመሩ።

«ልጄ፣ በላይ ዘለቀ ጣሊያን በያዘን ዘመን ጎጃም ላይ ሲዋጋ ኖረ፤ አንድም ቀን ለጠላት አላደረም። ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ደጃዝማች አሉት፣ ቢቸናን ሰጡት። እሱ ግን ለጠላት ያደሩ መኳንንት ሹመታቸው ሳይነካ ተቀምጠው አየ፤ ልቡ ሻከረ። አልታዘዝም ሲል ጦር ተላከበት፤ ወገን ከወገን ተታኮሰ። በመጨረሻ ተይዞ አዲስ አበባ መጣ። ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት። ቢታገሥ ኖሮ ምሕረት ይደርሰው ይሆን ነበር። ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር አመለጠና ተያዘ። ጥር 1937 ዓ.ም. ሁለቱም ተሰቀሉ። የማሞ አባት ራስ ኃይሉ ለጣሊያን ያደሩ ነበሩ። አርበኛውና የባንዳ ልጅ ሞታቸው አንድ ሆነ!»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት፣ አባቴ?»

«ጥይት ሳይተኮስ አቤት ማለት።»

ቀጥለው ወደ አለቆቹ ዞሩ። «እናንተም ደስ አይበላችሁ። ችኮላው የእሱ ነው፤ ነገሩን ያመጣው ግን የዘመተውን ረስቶ የቀረውን የሾመ ሰው ነው። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በበላይ ስም ይጠራል። በቁሙ ሳለ ቢያከብሩት ምን ነበረበት?»

እኔ ከሁሉም የምወድላቸው ይህን ንግግራቸውን ነው። ሽምግልናችን ብዙ ጊዜ የተበደለውን «ቻለው» ብሎ ያሰናብታል፤ የበደለውን ዓይኑን እያየ የሚገሥጽ ሽማግሌ ጥቂት ነው። ቂም የሚያድረውም፣ ጠመንጃ የሚነሣውም በዚያ ክፍተት ነው።

አለቆቹ ተነሥተው ወጣቱን ይቅርታ ጠየቁት። ቦታውን እስከ ቀትር እሱ፣ ከቀትር በኋላ ይዞት የነበረው ልጅ እንዲሠሩበት ተወሰነ። ዳኛው ውሳኔውን በእድሩ መዝገብ ጽፈው ሁሉንም አስፈረሙ፤ መጀመሪያ የፈረሙት አለቆቹ ናቸው።