የናቡቴ ርስትና የዋይካቶ ምድር

አክአብ የናቡቴን የወይን ቦታ በግፍ ከወሰደ በኋላ ነቢዩ ኤልያስ ቢገሥጸው ልብሱን ቀደደ፥ ማቅ ለበሰ፥ ጾመም፤ እግዚአብሔርም መዋረዱን አይቶ መቅሠፍቱን ከዘመኑ አሳለፈለት። ነገር ግን የወይኑ ቦታ ለናቡቴ ወገኖች ተመለሰ የሚል ቃል በመጽሐፈ ነገሥት አይገኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ የአክአብ ልጅ የኢዮራም ሬሳ በዚያው መሬት ሲጣል፥ መጽሐፉ ስፍራውን አሁንም የናቡቴ እርሻ ብሎ ይጠራዋል።

እንግዲህ በዳይ የወሰደውን በእጁ ይዞ ቢያለቅስ፥ ልቅሶው ዕርቅ ይሆናልን? ይህ ጥያቄ በቅኝ ገዢዎች ርስታቸውን ባጡ ሕዝቦች ዘንድ ዛሬም አልሞተም፤ የኒው ዚላንድ ተወላጆች የማኦሪዎች ታሪክም ነገሩን አጕልቶ ያሳያል።

በ1840 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር (የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴና የማኦሪ አለቆች በዋይታንጊ ውል ተፈራረሙ። ውሉን ወደ ማኦሪ ቋንቋ የመለሱት ሄንሪ ዊልያምስ የተባሉ ሚሲዮናዊና ልጃቸው ናቸው። በእንግሊዝኛው አለቆቹ ልዕልናቸውን ሁሉ ለንግሥቲቱ ያስረክባሉ፤ በማኦሪው ግን የሰጡት «ካዋናታንጋ» ነው፤ ይኸውም አገረ ገዥነት ማለት ሲሆን፥ ቃሉን ከወንጌል ትርጕም፥ ከጲላጦስ ሹመት ያውቁት ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ መሬታቸው በእጃቸው እንዲጸና ያረጋግጥላቸዋል። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ በዚህ አይደነቅም፤ በዚያም በአማርኛው ፈቃድ የነበረው በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኝቶ ነበርና። የኢትዮጵያ ክርክር በ1896 በዐድዋ ተለየ፤ የማኦሪዎቹ ግን እጅግ ዘገየ።

በሐምሌ 1863 የእንግሊዝ ጦር የማንጋታዊሪን ወንዝ ተሻግሮ የዋይካቶን ምድር ወረረ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ዐመፀኛ የተባለውን ሕዝብ መሬት መውረስ ፈቀደ፤ በዋይካቶም 1,200,000 ኤከር የሚያህል ተወረሰ፤ ከፊሉ ለወታደሮች ታደለ፥ ከፊሉም ተሸጠ። ከመሬቱ አስቀድሞ ስማቸው እንደ ተወሰደ ልብ ይሏል። ዐመፀኞች ካልተባሉ ርስታቸውን የሚያስወርስ ሕግ አልነበረም፤ ናቡቴም እግዚአብሔርንና ንጉሥን ተሳደበ ተብሎ በሐሰት ምስክር ሳይወገር የወይኑ ቦታ አልተነካም። ቀማኛ ያለ ምክንያት አይቀማም፤ ምክንያቱን ራሱ ይሠራዋል እንጂ።

በ1946 መንግሥት በያመቱ ገንዘብ ሊከፍል ተስማማ፤ ሆኖም የተወሰደው መሬት ነውና የሚመለሰውም መሬት ይሁን የሚለው የሽማግሌዎቹ ቃል አልተሻረም። በግንቦት 1995 ውል ተፈረመ፤ በኅዳርም ንግሥት ኤልሳቤጥ ራሳቸው በዌሊንግተን ከተማ ሕጉን አጸደቁ። በሕጉም መንግሥት ጦር መስደዱና መሬት መውረሱ ግፍ መሆኑን፥ ዋይካቶዎችም ዐመፀኛ መባላቸው አግባብ አለመሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ መሬትና ገንዘብ ባንድነት 170 ሚሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር የሚገመት ካሣም ሰጠ።

የተመለሰው ግን በመንግሥት እጅ ከነበረው መሬት ነው፤ የግል ባለርስቶች ይዞታ አልተነካም። ነገሩ የሚከብደው በዚህ ላይ ነው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል በዳዩ ራሱ ነበረ። ዛሬ በዋይካቶ ላም የሚያረባ ገበሬ ግን አያቱ በገንዘቡ የገዛውን ወርሶ ይሆናል፤ ሌባ ሊባል አይገባውም፥ ቢነቀልም ሌላ ግፍ ይወለዳል። ይሁን እንጂ የገዢው ንጽሕና የሻጩን ዕዳ አይፍቅም። መንግሥት እንደ ሰው ሞቶ አይቀበርምና «ይህ የአባቶች ሥራ ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም፤ ግብሩን የሚቀበል ዕዳውንም ይቀበላል።

ከማኦሪዎቹ መካከል ካሣው ከጠፋው ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው የሚሉ አሉ፤ ሒሳቡም ይመሰክርላቸዋል። ቢሆንም የተሰጠው እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ዕዳ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ስማቸውም ተመልሷል። ነገር ግን የንግሥቲቱ ፊርማ ያረፈው ከወረራው 132 ዓመት በኋላ ነው፤ ዐመፀኛ ተብለው ከርስታቸው ከተሰደዱት አንድ እንኳ በሕይወት ቆይቶ አልሰማውም።